ጨረቃን በሚዞር መንኰራኩር ጎዳና ላይ ስላሉት ሁለት ነጥቦች ስያሜ

አንድ አካል ሌላውን ሲዞር ጎዳናው ብዙውን ጊዜ ሞላላ ስለ ሆነ የሚቀርብበትና የሚርቅበት ነጥብ ይኖረዋል። ኬፕለር ፀሐይን ለሚዞሩ ፕላኔቶች ፔሪሄሊዮንና አፌሊዮን የሚሉትን ስሞች ከግሪክኛ አበጀ። ምድርን ለሚዞር ፔሪጂና አፖጂ ይባላል። በእነዚህ ላይ ክርክር የለም። የስም ብዛት ያለው ጨረቃን ለሚዞር መንኰራኩር ነው፤ መንኰራኩር ጨረቃን መዞር የጀመረውም በ1966 (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) የሶቪየት ኅብረት ሉና 10 የተባለችውን ባሰማራች ጊዜ ነው።

ለቅርቡ ነጥብ ብቻ ሦስት ስሞች እናገኛለን። ፔሪሴሌን ከግሪክኛው የጨረቃ ስም ከሴሌኔ የመጣ ነው። ፔሪሲንቲዮን አርጤምስ በዴሎስ ደሴት ካለው ከኪንቶስ ተራራ ካገኘችው ቅጽል የተወሰደ ነው። ፔሪሉን ግን የግሪክኛውን «ፔሪ» ከሮማይስጡ «ሉና» ጋር ያጋባል። ይህን ድብልቅ የሚነቅፍ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ድብልቅነት ቃሉን ከማስተዋል አያግድምና ከባዱ ጉድለት ይህ አይደለም።

ከባዱ ጉድለት በአፖሎ ጉዞዎች ዘመን ናሳ ባወጣው የቃላት መፍቻ ውስጥ ይገኛል። እዚያ መንኰራኩሩ ከሌላ አካል የተነሣ ከሆነ ነጥቡ ፔሪሲንቲዮን፥ ከጨረቃ የተነሣ ከሆነ ግን ፔሪሉን እንዲባል ተለይቷል። ይህ ልዩነት በሥራ ላይ ሲፈተን አይጸናም። በጁላይ 20 ቀን 1969 ኢግል ወደ ጨረቃ ሲወርድ የጎዳናው ቅርብ ነጥብ ከመሬቷ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነበር፤ ስሙም ፔሪሲንቲዮን ነው። በማግሥቱ ከጨረቃ ሲነሣ ፔሪሉን ሆነ። ከኮሎምቢያ ጋር በተጋጠመ ጊዜስ? ሁለቱ በአንድ ጎዳና እየሄዱ ለአንዱ ነጥብ ሁለት ስም ሊኖረው ነው። ስም ነጥቡ የት እንዳለ ሊነግረን ሲገባ የተጓዡን የትውልድ አገር ይነግረናል።

ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። የጨረቃ ስበት በየስፍራው እኩል ስላይደለ ዝቅተኛ ጎዳና ቅርጹን ይለውጣል። አፖሎ 16 በ1972 የለቀቃት ትንሽ ሳተላይት ቅርብ ነጥቧ እየወረደ ሄዶ በ35 ቀን ያህል ጊዜ ከጨረቃ ጋር ተጋጨች። ስለዚህ የዚህ ነጥብ ስም ከማሳሳት ንጹሕ መሆን አለበት።

በአማርኛ ስንጽፍም ጥንቃቄ ያስፈልገናል። «የጨረቃ ቅርብ ነጥብ» ብንል፥ ጨረቃ ራሷ ወደ ምድር 363,000 ኪሎ ሜትር ያህል የምትቀርብበትን ነጥብ የሚያስብ አለ። «የጨረቃ ሩቅ ነጥብ» ብንልም ከምድር የማይታየውን ጀርባዋን ሊያስመስል ይችላል። ግእዙን ተከትለን «ቅሩበ ወርኅ» እንዳንል፥ ወርኅ ጨረቃም ወርም ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት «ቅሩበ ጨረቃ» እና «ርኁቀ ጨረቃ» ማለት ይሻላል። የግእዝና የአማርኛ ድብልቅ ነው ተብሎ ቢነቀፍ፥ መልሴ ስለ ፔሪሉን ከሰጠሁት አይለይም፤ ማንኛውም ተማሪ ሲሰማው የቱ አካል እንደሚዞርና የትኛው ጫፍ እንደ ሆነ ያውቃል። መንኰራኩሩ ከየት እንደ ተነሣ መግለጽ ያስፈለገ እንደ ሆነ በሌላ ዓረፍተ ነገር ይነገር። ከዚህ የተሻለ ስም ያለው የግእዝ መምህር ቢያቀርብልን በደስታ እንቀበላለን፤ ነገር ግን ለአንድ ነጥብ አንድ ስም ብቻ ይሁን።