ከፍትፍቱ ፊቱ፤ ከቃል ውጭ ስላለው ወርቅ

አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲሉ ስለ ማዕድ ብቻ አልተናገሩም። እንግዳን የሚያጠግበው የቀረበለት ወጥ ሳይሆን ያቀረበለት ሰው ገጽ መሆኑን ሲያስረዱ፥ ከአንደበት አስቀድሞ ፊት እንደሚናገር፥ ሰሚውም ከጆሮው አስቀድሞ በዓይኑ እንደሚሰማ አስተማሩ። ይህ ትምህርት በምሳሌ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ አማርኛ አነጋገር የተጻፈ አንድ ታላቅ መጽሐፍ ሲመረመር፥ እምብዛም እንዳልተስተዋለ ይታያል።

መጽሐፉ ዶናልድ ሌቪን የተባለው የአሜሪካ የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተመው «ሰምና ወርቅ» ነው። ደራሲው በመንዝ ተቀምጦ የገበሬውን ኑሮ ያጠና ሰው ነው፤ የመጽሐፉንም ስም ከቅኔ ቤት መውሰዱ ያስመሰግነዋል። እንደ እርሱ አስተያየት ሰምና ወርቅ የግጥም ስልት ብቻ ሳይሆን የአኗኗር ጠባይ ነው፤ ሰው በኅብር ቃል ከወግ ሳይወጣ ባልንጀራውን ይወጋበታል፥ የግል ምስጢሩን ይጠብቅበታል፥ ባለሥልጣንን ይነቅፍበታል። ዳሩ ግን ይህ ጠባይ ግልጽ ቃልን ለሚሻው ለዘመናዊ ሥራ እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።

አስተያየቱ የሚመሰገን ቢሆንም በሁለት ወገን ይጎድላል። አንደኛው ጉድለት ወርቁን ከሁሉ ይልቅ በቃል ውስጥ መፈለጉ ነው። በቅኔ ሕግ ሰም የሚሸፍነው፥ ወርቅ የሚሸፈነው ነው፤ በዕለት ኑሮ ግን ሰሙ ቃል ሲሆን ወርቁ ብዙ ጊዜ በቅንድብ፥ በእጅ፥ በእርምጃና በዝምታ ይገኛል። ይህን ለማየት ወደ አዲስ ከተማ ወርዶ መርካቶን መመልከት ይበቃል።

በጣልያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ የአገሬው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ተነሥቶ ወደዚህ ከተዛወረ ወዲህ፥ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ በሚጎራበቱበት በዚህ ስፍራ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገር ነጋዴ በአንድ ተራ ጎን ለጎን ይቀመጣል። በሸማ ተራ አንዲት እመቤት ነጠላ አንሥታ ጥለቱን በጣቷ ትዳብሳለች፤ ዋጋው ሲነገራት «ተወው» ብላ ፊቷን ታዞራለች። ይህ ሰሙ ነው። እርምጃዋ ግን የዘገየ ነው፤ ወርቁም «ቀንስልኝና እመለሳለሁ» የሚል ነው። ነጋዴው ቃሏን ትቶ እግሯን ስለ ሰማ፥ «እናቴ፥ ይመለሱ» ብሎ ይጠራታል። የመጨረሻውን ዋጋ ስትነግረው ቅንድቡን ብድግ አድርጎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ተስማማ ማለት ነው። በዕድሜም ትበልጠዋለችና ነጠላውን አጥፎ በሁለት እጁ ያቀርብላታል። ያ ነጠላ ራሱ ተናጋሪ ነው፤ ጥለቱ ወደ አንገት ሲዞር ኀዘንን ይገልጣል፥ ሲያደገድጉት ደግሞ አክብሮትን።

እንዲህ ያለው ልማድ የመርካቶ ብቻ አይደለም። በሶማሌ የከብት ገበያ ደላላውና ገዢው እጅ ለእጅ ተያይዘው በጨርቅ ይሸፍኑና፥ አንዱ የሌላውን ጣት በመጨበጥ የዋጋውን ቍጥር ይነግረዋል። በዙሪያ የቆመው ሰው ጨርቁን ያያል፥ ቍጥሩን አያይም። ጨርቁ ሰም፥ ጣቱ ወርቅ ነው።

ሁለተኛው የመጽሐፉ ጉድለት ከዚህ ይከተላል። በጨርቅ ሥር የተጨበጠው ጣት ለውጭ ተመልካች ስውር ቢሆንም፥ ለሁለቱ ተገበያዮች እንደ ጽሕፈት የተገለጠ ነው፤ ገበያውም አልተሰናከለም። ስለዚህ ሥራን የሚያሰናክለው ኅብር ራሱ አይደለም፤ ተናጋሪውና ተመልካቹ ልዩ ልዩ ሰዋስው ይዘው ሲገናኙ ነው።

የዘመኑ የሥራ አሠልጣኞች በበኩላቸው ወደ ሌላው ጫፍ የሚሄዱበት ጊዜ አለ። «ከሰው ንግግር ከመቶው 93 እጅ ያለ ቃል ነው» ሲሉ አልበርት መህራቢያን የተባለውን የሥነ ልቡና ሊቅ ምስክር ይጠራሉ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. ከወጡት ምርመራዎቹ 7 እጅ ለቃል፥ 38 እጅ ለድምፅ፥ 55 እጅ ለፊት የሚል ስሌት መገኘቱ እውነት ነው። ዳሩ ግን ይህ ስሌት ሰው የመውደድና የመጥላት ስሜቱን ለሚገልጥበት ጊዜ ብቻ እንጂ ለንግግር ሁሉ እንዳልሆነ ሊቁ ራሱ አስታውቋል። የመርካቶ ቆርቆሮ ነጋዴ የቆርቆሮውን ልክና ብዛት በቅንድብ ሊያስረዳ አይችልም።

ከዚህ የሚከፋው «ዓይን ለዓይን የማይመለከት ሰው ሐሰተኛ ነው» የሚለው የተዋሰ ደንብ ነው። በአገሩ ወግ ታናሽ በታላቅ ፊት ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል፤ ታላቅ ሲገባ ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል፥ «በእግዚአብሔር» ሲባል ይቀመጣል። ከገጠር መጥቶ ለመጋዘን ወይም ለሒሳብ ሥራ የሚፈተን ወጣት በቀጣሪዎቹ ፊት እንዲሁ ያደርጋል። ዓይኑን ቢሰብር «የሚሸሽገው ነገር አለው»፥ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ «ብርታት የለውም» ይባላል፤ በአክብሮት ያደገው ልጅ በአክብሮቱ ምክንያት እንጀራውን ያጣል። ይህ ወርቁን ሳያገኝ በሰሙ እንደ ቀረ የቅኔ ተማሪ ስሕተት ያለ ነው፤ ነገር ግን የተማሪውን ስሕተት መምህሩ ያርመዋል፥ የወጣቱን ጉዳት የሚያርም የለም።

በሌላው ወገን ደግሞ አለቃው ሲያዝ «እሺ» ብሎ አንገቱን የደፋ ሠራተኛ ሁሉ ተስማምቷል ወይም ገብቶታል ማለት አይደለም። «እሺ» ሲረዝም ጥርጥር፥ ሲያጥር ቅሬታ ሊሆን ይችላል። ይህን ያላስተዋለ አለቃ ትእዛዜ ተሰማ ብሎ ይሄዳል፤ ያልገባውም ሠራተኛ ጭነቱን ወደማይገባው መጋዘን ይልካል። በዚህ ነገር የሌቪን ሥጋት እውነት አለው፤ አክብሮት ጥያቄን ሲከለክል ሥራ ይጎዳል። መድኃኒቱ ግን አክብሮቱን መንቀል ሳይሆን፥ ታላቁ ራሱ «ምን እንደ ገባህ ንገረኝ» ብሎ የቃልን በር መክፈት ነው።

ምልክትም ሁሉ ቅን አይደለም። ሰሎሞን በምሳሌው በስድስተኛው ምዕራፍ በዓይን፥ በእግርና በጣት የሚያመለክተውን ምናምንቴ ሰው ይነቅፈዋል፤ ከገዢው ጀርባ ሻጩን የሚጠቅስ ደላላ ከዚህ ወገን ነው። ስለዚህ ምልክት በቃል፥ ቃልም በምልክት ሊመረመር ይገባል።

የሌቪን መጽሐፍ ስለ ቃል ያስተማረው ትምህርት ዛሬም ሊነበብ የተገባ ነው፤ አንባቢው ግን ከቅኔ ቤት ወደ ሸማ ተራ ወርዶ የጎደለውን ይሙላበት። «ለብልህ አይነግሩም፥ ለአንበሳ አይመትሩም» ይባላል። ብልህ የተባለው ግን ሳይነገረው የገመተ ሁሉ አይደለም፤ የገመተውን ጠይቆ የተረዳ ነው። ዓይኑን ዝቅ ያደረገውን ወጣት ከደጅ ከመመለስ አስቀድሞ ስለሚያውቀው ሥራ አንድ ጥያቄ ጨምሮ መጠየቅ፥ ነጋዴው ገዢዋን መልሶ ለመጥራት ከፈጀበት ጊዜ የሚበልጥ አይፈጅም።