የቆርኬው ደሴትና የቁራው ደሴት

ከሆሳዕና ተነስቶ በሃላባ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚሄድ ሰው ባሕር አያይም። ከአጄ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ግን አንድ ደሴት አለ፤ የሰንቀሌ የቆርኬዎች መጠለያ። የከበበው ውኃ ሳይሆን እርሻ፣ ከብትና መንደር ነው።

እንዲህ ያለውን መሬት «ደሴት» ብሎ ማየትን ያስለመዱን ሮበርት ማክአርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተሙት «የደሴት ባዮጂኦግራፊ ንድፈ ሐሳብ» በዋናነት ሁለት ነገር ይለካል፦ የደሴቱን ስፋትና ከሌላ መሬት ያለውን ርቀት። ትንሽና ሩቅ ደሴት ጥቂት ዝርያ ይይዛል። የሚያምር ሐሳብ ነው! ደራሲዎቹ በእርሻ መሃል ለቀረ ደንም እንደሚሠራ ጽፈዋል።

ለቆርኬው ሒሳቡ ልክ ይመጣል። ሰንቀሌ በፊት 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ አሁን 54 ያህል ነው የቀረው። ቆርኬ ሣር በል ነው። ሣሩን ከብት ሲሻማው፣ ሜዳው ሲታረስ መሄጃ የለውም። ሶማሊያ ውስጥ ጨርሶ ጠፍቷል። ሜዳውን ብታሰፉለት ግን የተወሰደበትን መለሳችሁለት ማለት ነው።

እስቲ ወደ ቦረና እንውረድ። በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው የቁጥቋጦ ቁራ በዓለም ላይ የሚገኘው በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ብቻ ነው። ታዲያ ምን ከበበው? በዓይን የሚታይ ምንም ነገር የለም። ከወሰኑ ውጭም ያው ግራር፣ ያው አፈር ነው። ከብት እንኳን ጠላቱ አይደለም፤ በበረቶች ዙሪያ ነፍሳት ሲለቅም ይውላል። ተመራማሪዎች ወሰኑን ያገኙት ሙቀት ሲለኩ ነው፤ ወፉ የሚኖርበት ቦታ ከዙሪያው ቀዝቀዝ ያለ ነው። ቀኑ ሲግል አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ምግብ ፍለጋውም ይቀንሳል።

የመጽሐፉ ሒሳብ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። ስፋትን ይጠይቃል እንጂ ዳርቻው ከምን እንደተሠራ ብዙም አይጠይቅም። አንድ ዛፍ ሳይቆረጥ፣ ካርታው ሳይለወጥ የቁራው ደሴት ሊጠብ ይችላል። ሙቀትን ደግሞ በአጥር አትመልሱትም። ቆርኬው ንዑስ ዝርያ ስለሆነ ዘመዶቹ ሌላ የአፍሪካ አገር አሉ። ቁራው በወገኑ ብቸኛ ዝርያ ነው።

ከምባታ ያላችሁ አንባቢዎች፣ አምባሪቾን ቀና ብላችሁ እዩት። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጫፉ ላይ የሚበቅለውን ተክል ከታች የሚገፋው ማረሻው ነው ወይስ ሙቀቱ?