ምስክር እንጂ አዛዥ ያልሆነ ሠንጠረዥ

ሊኑክስን ለአንድ አዲስ የኤአርኤም ቦርድ ስናዘጋጅ የሃርድዌሩን ማንነት ለከርነሉ የሚነግረው ዲቫይስ ትሪ የተባለው ፋይል ነው። በውስጡ የፕሮሰሰሩን ፍጥነትና ቮልቴጅ የሚይዘው ክፍል ብዙ ጊዜ ደርዘን ረድፍ አይሞላም፤ ፍጥነቱ በኸርዝ፣ ቮልቴጁ በማይክሮቮልት ይጻፋል፣ አለቀ። እኔ ግን የሰው ሥራ ስገመግም ከሌላው ሁሉ ይልቅ የምቆየው እዚህ ላይ ነው።

ሮክቺፕ አርኬ3399 የተባለውን ቺፕ እንውሰድ። በከርነሉ ውስጥ የፈጣኖቹ ሁለት ኮሮች ሠንጠረዥ ከ408 ሜጋኸርዝ ተነሥቶ እስከ 1800 ይዘልቃል፤ ቮልቴጁም ከ0.825 ወደ 1.2 ቮልት ያድጋል። ቺፕ ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ይጨምራል። ስለዚህ ከ1608 ወደ 1800 መውጣት 12 በመቶ ገደማ ፍጥነት ሲያስገኝ፣ ቮልቴጁን ከ1.1 ወደ 1.2 ስለሚያደርሰው የኃይሉን ፍጆታ በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንረዋል። ግርጌው ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረናል። 408፣ 600 እና 816 ሦስቱም በ0.825 ቮልት ይሠራሉ። ከ816 በታች መውረድ ሙቀት ይቀንስ ይሆናል፤ ለአንድ ሥራ የሚወጣውን ጉልበት ግን አይቆጥብም። እንዲያውም ሥራው ስለሚረዝም ቺፑ እንዲሁ የሚያፈሰው ኃይል ይጨመርበታል።

ይህን ያየ ሰው የማይጠቅሙ የመሰሉትን ረድፎች መሰረዝ ያምረዋል። ቦርዱ ሲግል ላይኛውን፣ ባትሪ ሲያሳስበው ታችኛውን ይቆርጣል። እኔ አልስማማም። ሠንጠረዡ ቺፑ የሚችለውን ይመሰክራል፤ ከተቻለው የትኛው ይመረጥ የሚለውን እንደ ሥራው ጫና የሚወስነው ገቨርነር የተባለው የከርነሉ ክፍል ነው፤ ሙቀት ሲበዛ ጣሪያውን ዝቅ የሚያደርግ ሌላ ክፍልም አለ። ምርጫችንን ሃርድዌር አስመስለን ከጻፍነው፣ ያንኑ ቦርድ ጥሩ ማቀዝቀዣ ገጥሞ የሚጠቀም ሰው ያለ ጥፋቱ ይቀጣል።

ምስክርነቱ ልኩንም ማወቅ አለበት። የቀድሞው አጻጻፍ ለአንድ ፍጥነት አንድ ቮልቴጅ ብቻ ይቀበል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው ሁለተኛው አጻጻፍ ግን የሚፈለገውን፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን አንድ ላይ መጻፍ ያስችላል። ቮልቴጁን የሚመግበው ሬጉሌተር የራሱ ደረጃዎች አሉትና የተጻፈውን ቁጥር በትክክል ላይሰጥ ይችላል። ሬጉሌተሩ ሊያደርስ የማይችለውን ረድፍ ከርነሉ ይጥለዋል፤ ቦርዱም ምክንያቱ ሳይታወቅ ቀርፋፋ ይሆናል። ክልሉ ሲጻፍ ግን ከርነሉ የሚቀርበውን ያገኛል። ቅደም ተከተሉንም ራሱ ይጠብቃል፦ ሲወጣ ቮልቴጁን፣ ሲወርድ ፍጥነቱን ያስቀድማል።

ከሁሉ የሚከፋው ያነሰ ቮልቴጅ ነው። ማሽኑ ወዲያው ቢቆም መልካም ነበር፤ ስህተቱ በታየ። ብዙ ጊዜ ግን አንድ ስሌት ይሳሳታል፣ አንድ ፋይል ይበላሻል፣ ጥፋቱም በሜሞሪው ወይም በዲስኩ ይሳበባል። አንዱ ቺፕ ከሌላው ስለሚለይ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ቦርድ በ1.05 ቮልት ቢጸና ከዚያው ፋብሪካ የወጣው ወንድሙ ላይጸና ይችላል። አምራቹ በቁጥሩ ላይ የሚተወው ትርፍ ለሙቀት፣ ለእርጅናና ለድንገተኛ ጫና የታሰበ ነው። ያንን ትርፍ እንደ ብክነት ቆጥሮ የሚሸርፍ፣ የማያውቀውን ሰው ማሽን አስይዞ ይቆምራል።

ስለዚህ አዲስ ረድፍ ሲቀርብልኝ «እኔ ጋ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቷል» የሚለው ማብራሪያ አይበቃኝም። ቁጥሩ ከአምራቹ ሰነድ ወይም አምራቹ ራሱ ከሚያሠራጨው ከርነል መምጣቱን እጠይቃለሁ። ካልመጣ ረድፉ ይቅር፤ የጎደለ ረድፍ ትንሽ ፍጥነት ያሳጣል፣ የተሳሳተ ረድፍ ግን የሰው ዳታ ያጠፋል።