ትዝታን በባች ሚዛን

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ክራር መቅዳት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከታች ባቡሩ ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ባቡሩ ሲሄድ ደግሞ የታክሲ ረዳት ይጮሃል። ቅጂውን ሶኒክ ቪዥዋላይዘር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስትከፍቱት ግን ደስ የሚል ነገር ታያላችሁ። የባቡሩ ጉርምርምታ ከሥር እንደ ጭጋግ ተኝቷል፣ የክራሩ ድምፆች ደግሞ ከላይ እንደ መሰላል ተደርድረዋል። ጆሮ የደባለቀውን ዓይን ለየው ማለት ነው።

ፕሮግራሙ የተሠራው ለንደን በሚገኘው ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዋናው ሥራው ማሳየት ነው፤ ትንተናውን የሚሠሩለት ቫምፕ የሚባሉ ፕለጊኖች ናቸው። ፕለጊን ማለት ለብቻው የማይሠራ፣ ሌላ ፕሮግራም ላይ ተሰክቶ አንድ ሙያ የሚጨምርለት ትንሽ ሶፍትዌር ነው። አንዱ ምት ይቆጥራል፣ አንዱ ዜማ ይከተላል። አጫጫኑም ቀላል ነው፦ ፋይሉን ቫምፕ ፕለጊንስ የሚባል ፎልደር ውስጥ ታስቀምጡና ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ትከፍታላችሁ። በቃ፣ ትራንስፎርም በሚለው ሜኑ ውስጥ ይመጣል።

ዛሬ መተቸት የፈለግሁት ከእነዚህ አንዱን፣ የሙዚቃን ኪይ የሚለየውን ነው። ከዚያም በላይ የሚያሳስበኝ መልሱን ሳንመረምር የምንቀበለው እኛ ነን።

አንቺሆዬ ስጡት። አንቺሆዬ አይላችሁም፤ ወይ አንድ ሜጀር ወይ አንድ ማይነር ይጠራላችኋል። ለምን? የሚያውቃቸው ስሞች 24 ብቻ ናቸው፤ 12 ሜጀርና 12 ማይነር። የሚያመዛዝንበትም ሚዛን የተወሰደው ባች በ1722 ካጠናቀረው የክላቪየር መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል ቅጂ ነው። ይህንን ሠሪዎቹ አልደበቁም፣ የፕለጊኑ መግለጫ ላይ ተጽፏል። መግለጫ የሚያነብ ስንቱ ነው?

ሚዛኑ ምን እንደሚያበላሽ ለማየት ፒያኖ ወይም የስልክ ኪቦርድ በቂ ነው። ከዶ ጀምራችሁ ነጭና ጥቁሩን ሳትለዩ ቁጠሩ፣ መነሻው 0 ይሁን። አንቺሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9 ነው። (ማሲንቆ ላይ እነዚህ ድምፆች ከፒያኖው ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ይላሉ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።) 7ኛው ድምፅ፣ ሶል፣ የለም። በባች ዓለም ግን ከመነሻው ቀጥሎ ቤቱን የሚሸከመው ምሰሶ እሱ ነው። ፕለጊኑ ምሰሶ የሌለው ቤት ሲያይ «ይሄ ቤት አይደለም» የማለት ምርጫ አልተሰጠውም። ከ24ቱ በጣም የሚቀርበውን ይመርጣል። ነገ አንድ ሰው በሺህ የሚቆጠሩ የድሮ ቅጂዎችን በዚህ መሣሪያ ቢመዘግብ፣ አንቺሆዬ የሚል ስም መዝገቡ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ስህተቱም አይታይም፤ መዝገቡ ሙሉ ነዋ!

«እሺ፣ ታዲያ የባችን አውጥተን የራሳችንን አራት ቅኝቶች እናስገባ» ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ነገርዬው ግን እንደዚያ አይቀልም።

ትዝታ ማይነር 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8 ነው። አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8 ነው። የተለያዩ ይመስላሉ አይደል? አሁን አምባሰልን ከ5ኛው ድምፅ ጀምራችሁ እንደገና ቁጠሩት፦ 5 የነበረው 0 ይሆናል፣ 7ቱ 2፣ 8ቱ 3፣ ወደ ላይኛው ዶ ስትሻገሩ ደግሞ 7 እና 8 ይመጣሉ። ትዝታ ማይነር ሆኖ ቁጭ! ትዝታ ሜጀርና የሙዚቃ ሰዎች ባቲ ማይነር የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። ባቲ ማይነርን፣ ማለትም 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10ን፣ ከ3 ጀምራችሁ ብትቆጥሩት 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9 ይወጣችኋል፤ እሱም ትዝታ ሜጀር ነው።

ስለዚህ የትኞቹ ድምፆች እንደተመቱ ብቻ የሚቆጥር ፕለጊን፣ የቱንም ያህል በትክክል ቢቆጥር፣ ትዝታ ማይነርን ከአምባሰል አይለይም። የሚለየው ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ ነው። ዘፋኙ ዞሮ ዞሮ የት ገባ? እናታችሁ ይህን ኖታ ሳትማር ትሰማዋለች።

ይህን ይዘን ወደ አንድ የአገራችን ሙዚቃ ጥናት እንሂድ። ኤፍሬም ረታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ፕሎስ ዋን መጽሔት ላይ ኢሚር የተባለ የመረጃ ስብስብ አሳተሙ፤ 600 ናሙናዎች ከቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ከአዝማሪና ከዘመናዊ ሙዚቃ። አምስት ባለሙያዎች እያዳመጡ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብለው መደቧቸው። ሥራው ክብር ይገባዋል። ስሞቹን ከባች ሳይሆን ከሰሚ ጆሮ ወስዷል፤ ያሠለጠኑት ሞዴልም 95 በመቶ ትክክል ሆኗል።

እኔን ያስቆመኝ ሌላ ነገር ነው። ሞዴሉ ድምፁን «እንዲያይ» ከቀረቡለት መንገዶች አንዱ ክሮማ ነበር። ክሮማ የ12ቱን ድምፆች ጉልበት የሚለካ ነው፤ የቅኝት ጥያቄ ለእሱ የተሠራ ይመስላል። ያሸነፈው ግን ኤምኤፍሲሲ ነው፤ ለንግግር ሥራ የታወቀው፣ የድምፁን ጠቅላላ መልክ ይዞ የኖታውን ዝርዝር የሚያደበዝዘው። ከዚህም ሌላ ምርጡ ውጤት የተገኘው በ3 ሰከንድ ቁራጭ ነው። ቀስ ብሎ የሚፈስ ትዝታ በ3 ሰከንድ ውስጥ አንድ ሐረግ እንኳ ላይጨርስ ይችላል፤ ገና ማረፊያው አልመጣም! ታዲያ ማሽኑ ምን ሰምቶ አወቀ? የቅኝቱን አዘፋፈን ለይቶ ይሆናል፤ አዘጋጆቹም እያንዳንዱ ቅኝት የራሱ የአቀራረብ ባሕርይ እንዳለው ይናገራሉ። ወይም የመሣሪያውንና የዘፋኙን ድምፅ ለይቶ ይሆናል። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው፣ 95 የሚለው ቁጥር ግን አይለያቸውም። ሞዴሉን ሰምቶት በማያውቀው ዘፋኝ፣ በማያውቀው መሣሪያ መፈተን ይለያቸዋል።

ለዚህ ነው ትንሽ ፕለጊን የምመርጠው፤ መንገዱ ይታያላ። ማቲያስ ማውክና ሳይመን ዲክሰን በ2014 ያቀረቡት ፒዪን የሚባል ዘዴ አለ፣ ቫምፕ ፕለጊንም ሆኗል። ስለ ቅኝት ምንም አይልም። በየቅጽበቱ ዜማው ስንት ሄርዝ ላይ እንዳለ ብቻ ይነግራችኋል፣ ከፒያኖው ዝንፍ ያለውንም ሳያቃና። መጀመር ያለብን ከዚህ ነው። ከዚያ በላይ የእናንተ ሥራ ይመጣል፦ ሄርዙን ወደ አንድ ኦክታቭ ማጠፍ፣ ሐረጎቹ የሚያርፉበትን ድምፅ መፈለግ፣ ከእሱ ጀምሮ ቆጥሮ ከቅኝቶቹ ጋር ማስተያየት። ቫምፕ ፕለጊን በተለምዶ በሲ ፕላስ ፕላስ ይጻፋል፤ ቫምፓይ የሚባለው ማገናኛ ግን በፓይተን እንድትጽፉ ይፈቅዳል። ፕሮግራሙ ድምፁን እየቆራረጠ ያቀብላችኋል፣ እናንተ የለካችሁትን ትይዛላችሁ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ መልሱን ትሰጣላችሁ። ለእኛ ጥያቄ ይህ አሠራር ይስማማል፤ ፍርዱ እስከ መጨረሻው ሐረግ ይቆያልና።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ፒዪን አንድ ዜማ ብቻ ነው የሚከተለው፤ ክራርና ዘፋኝ አብረው ከገቡ ይምታታል። ስለዚህ መጀመሪያ ማሲንቆውን ወይም ድምፁን ለብቻው ቅዱ፣ ልደታ ከሆናችሁ ደግሞ ባቡሩ ሥራ ካቆመ በኋላ። ሁለተኛ፣ የመልሶቹን ዝርዝር ስትጽፉ ከቅኝቶቹ ስም በታች አንድ መስመር ጨምሩ፦ «አልታወቀም»።