ከመርጨት በፊት

በሰበታ ዙሪያ ባሉ የጽጌረዳ ግሪንሃውሶች የበጋው ዋና ራስ ምታት ቀይ ሸረሪት ናት። ቁመቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ቅጠሉን ገልብጦ በማጉያ መነጽር ያላየ ሰው መኖሯን የሚያውቀው ቅጠሉ ሲዥጎረጎርና ድር ሲያደራበት ነው። ያኔ ሁሉም «ምን እንርጭ?» ይላል። እኔ ለረጪዎቹ የማስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ባለፈው የረጨነው የተባዩን ምን ነበር የመታው?

የመድኃኒቱ ስም ብዙ፣ የሚመታው ቦታ ጥቂት ነው። ማላታይንና ዳያዚኖን አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የተባለውን ኢንዛይም ያስራሉ። ከነርቭ ወደ ነርቭ መልእክት ያደረሰው አሴቲልኮሊን በዚህ ኢንዛይም መፍረስ ነበረበት፤ ሳይፈርስ ሲከማች ነርቩ እረፍት ያጣል፣ ተባዩም ተንቀጥቅጦ ይሞታል። የሰው ነርቭም በዚሁ ኢንዛይም ስለሚሠራ በጓንትና በጭምብል ነገር አልደራደርም። ፓይሬትሮይዶች የነርቭ የሶዲየም በር እንዳይዘጋ ያደርጋሉ። አባሜክቲን የክሎራይድን በር ይከፍታል፤ ሸረሪቷ ሽባ ሆና መመገብ ታቆማለች። የሱሉልታ ከብት አርቢ የሚያውቀው አይቨርሜክቲን የአባሜክቲን የቅርብ ዘመድ ነው።

ተባዩ ቀስ እያለ መድኃኒቱን የሚለምድ ይመስለናል። አንዲት ሸረሪት ግን በዕድሜዋ ምንም አትለምድም። ገና ሳንረጭ ከብዙ ሺዎች መካከል ለየት ያሉ ጥቂቶች አሉ። አንዷ መድኃኒቱ የሚጣበቅበት ፕሮቲን ቅርጹ ተለውጦባታል፤ ሌላዋ መርዙን ቦታው ሳይደርስ የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን አብዝታ ታመርታለች። እኛ ሌሎቹን ገድለን እርሻውን ለእነዚህ እንለቅላቸዋለን። ቀይ ሸረሪት በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል ተነሥታ እንቁላል እስክትጥል ሁለት ሳምንት አይሞላትም። ወንዶቹ ደግሞ ካልዳበረ እንቁላል ስለሚፈለፈሉ ከእያንዳንዱ ጂን ያላቸው አንድ ቅጂ ነው፤ በሌሎች ተባዮች ተደብቆ የሚቆየው የመቋቋም ጂን በእነሱ ላይ ወዲያው ይገለጣል።

አገራችን ይህን በወባ ትንኝ አይታዋለች። ዲዲቲ ለአሥርት ዓመታት በየቤቱ ከተረጨ በኋላ ፊታችንን ወደ ዴልታሜትሪን አዞርን። ሁለቱ ግን የሚመቱት ያንኑ የሶዲየም በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አኖፊለስ አራቢየንሲስ በተባለችው የወባ ትንኝ ላይ የዚህ በር ለውጥ በብዛት መኖሩን አሳየ። በሩ አንዴ ከተለወጠ ሁለቱም መድኃኒቶች አብረው ይዳከማሉ።

ስለዚህ ከንግድ ስሙ ይልቅ መድኃኒቱ በሚመታው ቦታ የተመደበበትን የአሠራር ቡድን ቁጥር አያለሁ፦ አባሜክቲን 6፣ ባይፈናዜት 20ዲ፣ ፓይሬትሮይድ 3ኤ። ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ጠርሙሶችን ማፈራረቅ ያንኑ መድኃኒት መድገም ነው። ቡራዩ ላይ በጓሮ ጎመኑ ክሽክሽ ለገባበት ጎረቤትም ምክሬ ይኸው ነው። መጠን መጨመርም አያዋጣም፤ ደካሞቹን ጨርሶ ጠንካራዎቹን ብቻ ያስቀራል።

ከሁሉ የሚሻለው አለመርጨት የሚቻልበትን ሳምንት ማብዛት ነው። ፊቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ የምትባለው አዳኝ ቀይ ሸረሪትን ከነእንቁላሏ ትበላለች፤ ፓይሬትሮይድ በተረጨበት ቤት ግን አትቆይም። አዳኟን የለቀቀ ሰው መርጫውን በልክ መያዝ ግድ ይሆንበታል፦ ተባዩ የበዛበትን መደብ ለይቶ፣ አዳኟን የማይጎዳውን መርጦ፣ የቡድን ቁጥሩን መዝግቦ። የረጪነት ሙያ የሚለካው መዝገቡ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ በሚቀጥለው ዓመትም የሚሠራ ከሆነ ሥራው በደንብ ተሠርቷል።