ስለ ማግኔትሮን ቃላት አጭር ሒስ

ሕዝቡ ሽቦ አልባውን መገናኛ «ንፋስ ስልክ» ብሎ መሰየሙን እናደንቃለን፤ ስሙ ዛሬም በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ይኖራል። ለከፍተኛ ኃይል ማይክሮዌቭ አመንጪዎች የምንሰጣቸው ስያሜዎች ግን ከመሣሪያው ሥራ ይርቃሉ። «ማስጀመር» ስንል የማግኔትሮኑን ካቶድ ማጋልና የሞገዱን መነሣት እንደባልቃለን፤ ሞገዱ ግን ካቶዱ ከጋለ በኋላ፣ የቮልቴጁ ኃይል ሲደርሰው፣ ከደካማ ሁከት ተነሥቶ የሚያድግ ነው። «መረጋጋት»ም አያረካንም። የሚፈለገው ጸጥታ ሳይሆን ከአንዱ የንዝረት ስልት ወደ ሌላው አለመዝለል ነውና «ጽናት» ይሻላል። መነሣቱን ለማፋጠንና ስልቱን ለመወሰን አስቀድሞ የሚገባውን ደካማ ሞገድ፣ «ቅድመ ማነቃቂያ» ከማለት ይልቅ፣ «እርሾ» እንለዋለን፤ እንደ ሊጡ እርሾ፣ ጥቂት ሆኖ ብዙውን ወደ ራሱ ዓይነት ይመራልና። መሐንዲሶች ቃሉ የጓዳ ነው ይሉ ይሆናል፤ እኛ ግን ነውሩ አይታየንም። ግሱም «እርሾ መጨመር» ይሁን።