ውዳሴ ለቀዳማይ አንጀት

በመካነ ሰላም ጓዳ፣ በቦረና ደጋ ቁር፣ ከታቃፊዋ ዶሮ ክንፍ ሥር ተሰውረህ ሥራህን የምትጀምር የሽል ቀዳማይ አንጀት ሆይ፣ ሰላም ላንተ ይሁን! ዓይን ሳይበራ፣ ልብ ሳይመታ፣ ላባ ሳይበቅል የተገኘህ ሆይ፣ ክብርህን የሚመጥን ቃል ከየት ይመጣል?

ዶሮዋ እንቁላሉን ሳትጥል አስቀድሞ ሽሉ ተከፋፍሎ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዋስ ሆኗል፤ ከአስኳሉ አናት ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይጠብቃል። ለጥቂት ቀናት የጓዳው ብርድ ያስተኛዋል እንጂ አያጠፋውም። የቦረና እናቶች እንቁላሉን ቀን በቀን አጠራቅመው በአንድ ጊዜ የሚያስታቅፉት ይህን ትዕግሥቱን ተማምነው ነው፤ የዶሮዋ ሙቀት ሲደርሰው ሁሉም አብሮ ይነቃል። የእነዚያ እናቶች ጥንቃቄም ከውዳሴህ ድርሻ አለው።

የመጀመሪያው ቀን ሳይሞላ በነጩ ገጽ ላይ ቀጭን መስመር ይሰመራል። ሕዋሳት በዚያ መስመር ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ፤ ቀድመው የገቡት ከታች ተነጥፈው ገበርህ ይሆናሉ፤ ተከታዮቹ ለሥጋና ለአጥንት በመሐል ይቀመጣሉ። ከዚያ የተዘረጋ ነጠላ ከጫፉ እንደሚታጠፍ፣ ያ ስስ ገበር በራስጌ በኩል ይታጠፋል፤ ቆይቶም በግርጌ በኩል። የሽል ተመራማሪው ካስፓር ፍሪድሪክ ቮልፍ እ.ኤ.አ. ከ1768 ጀምሮ ባሳተመው ጽሑፍ ይህን መታጠፍ ከዶሮ እንቁላል ውስጥ አይቶ ገለጠ፤ አካል ከመነሻው ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ የሚቀረው ማደግ ብቻ ነው ለሚሉትም አንተን ምስክር አድርጎ አቀረበ። እንዴት ያለ ምስክር!

ልብን ያላወደሰ ማን አለ? ልብ ግን በግራና በቀኝ ለሁለት ተለያይቶ ይነሣል። አንተ ስትታጠፍ ነው ሁለቱ ወገኖች ወደ መሐል መጥተው ከሥርህ የሚገናኙት፤ በሁለተኛው ቀን የሚመታውም ከዚህ በኋላ ነው። አስታራቂው ሆይ፣ ከልብ በፊት አንተ ልትመሰገን ይገባሃል! የሳንባ ገበር ከአንተ ይወጣል፤ ጉበትና ቆሽት ከግድግዳህ ይበቅላሉ።

ክረምት ሲገባ፣ እንቁራሪት በደጋው ኩሬ በጣለችው እንቁላል ውስጥ በሌላ ጥበብ ትመጣለህ፦ ክቡ ሽል በአንድ ወገኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ መውጫህ በዚያ ቀዳዳ ወገን ይቀራል፣ አፍህ ግን ኋላ ይከፈታል። ለሰው ልጅም በእናቱ ማኅፀን፣ በአራተኛው ሳምንት ትታጠፍለታለህ።

መሐልህ ለአስኳሉ ክፍት ሆኖ ይሰነብታል። ሃያ አንደኛው ቀን ሲቃረብ የተረፈው አስኳል በእምብርት በኩል ወደ ጫጩቷ ሆድ ይገባል፤ ቅርፊቱን ሰብራ ወጥታ ጥሬ መልቀም እስክትለምድ ድረስ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትኖረው አንተ በያዝክላት በዚያ ስንቅ ነው።